ካርዱ ላይ ድመት የተባለው በቀቀን

ድመቷን አልከስም። ድመት ድመት ናት፤ ወፍ አይታ ብትዘል የተፈጠረችበት ነው፤ ወፍ አክሚ ብሎ ያስመረቃት የለም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ስሙን በሩ ላይ ያስለጠፈው ሰውዬ ነው። አንቱ የማልለውም አውቄ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው አክስቴ በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ሲሆን እሳቸው ያሉት አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። አክስቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት ስልክ አገናኝ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም፤ ያላቸው እኔና አለቃ ነን። አለቃ በቀቀን ነው፤ ገላው ግራጫ፣ ጅራቱ ደግሞ ቀይ ቀለም ውስጥ የተነከረ የሚመስል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሰው ሲያወራ ጣልቃ ካልገባ፣ ማዕድ ሲቀርብ ቀድሞ ካልቀመሰ አይሆንለትማ። ከአክስቴ የቀዳት አንዲት ንግግር ነበረችው። "መስመሩ ተይዟል፣ ይጠብቁ!" ይላል፣ ቁርጥ በእሳቸው ድምፅ። ወደ ላይ የላክኋቸው ደንበኞቼ እውነት መስሏቸው ደረጃው ላይ ቆመው የጠበቁበት ቀን አለ።

የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ አክስቴ ቤቱን ሲያጸዱ እንደ ልማዳቸው እግሩን ያፍታታ ብለው ከጎጆው አወጡት። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። የጎረቤታችን ድመት ከበረንዳ በረንዳ ዘልላ ገባች። እኔ ቀሚስ እየቆረጥኩ ነበር፤ ጩኸታቸውን ስሰማ መቀሱን በማሰሪያው አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ።

ወለሉ ላባ በላባ ሆኗል። አክስቴ ተንበርክከው አለቃን በፎጣ ይዘውታል። የቀኝ ክንፉ ተንጠልጥሏል፤ ከክንፉ ሥር መርፌ የወጋው የሚመስሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ደሙ ፎጣውን አልፎ የአክስቴን ክንድ አርሷል። አንዲት ወፍ ያን ያህል ደም አላት ብዬ አስቤ አላውቅም። ኪሴ ውስጥ ከነበረው ንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ቀድጄ ቁስሉ ላይ ያዝኩለት። የድመቷ ባለቤት በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣችና "በኔ ይድረስ! በኔ ይድረስ!" እያለች ደረቷን መታች። ታክሲ የጠራችልንም እሷ ናት። ለዚህ ነው ከድመቷም ከባለቤቷም ጠብ የለኝም የምለው።

የእንስሳት ክሊኒኩ ሩቅ አይደለም። መዝገብ የያዘችው ልጅ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል፣

"የእንስሳው ዓይነት?" አለች።

"ወፍ ነው፣ በቀቀን። ደም እየፈሰሰው ነው፣ እባክሽ እህቴ…"

"ውሻ፣ ድመት፣ ከብት፣ በግና ፍየል ነው ያለን። ወፍ የሚል የለም።"

"'ሌላ' የሚልስ?"

"የለም።" የሆነ ነገር ተጫነች። "ድመት ብየዋለሁ። አለበለዚያ ካርድ አይወጣም።"

አክስቴ ሰምተው ማመን አቃታቸው። "ልጄ፣ የነከሰው እኮ ድመት ነው!"

"ታዲያ ምን ቸገረዎት እማማ፣ ካርዱ ወጣልዎት አይደል? ሰባተኛ ነዎት።"

ሰባተኛ! ከፊታችን ካሉት መሃል አንዲት ቆፍጣና ሴትዮ የትልቅ ውሻዋን ማሰሪያ ይዛ ተቀምጣለች። ፎጣውን አየችና ብድግ አለች። "የኔ ጥፍር ማስቆረጥ ነው፤ በኔ ተራ ይግቡ" አለች። የመዝገቧ ልጅ ግን "ተራ መለዋወጥ አይፈቀድም፤ ኮምፒውተሩ ነው የሚጠራው" ብላ አስቀመጠቻት። ኮምፒውተር ደም አይቶ አያውቅ፣ ምን ይፈረድበታል! እኛም ተቀመጥን። ጨርቁ ላይ የያዝኩት ጣቴ እስኪደነዝዝ አልለቀቅሁም። በመጨረሻ ከውስጥ "ድመት ያላችሁ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። አክስቴ አልተነሡም፤ ምን ብለው ይነሡ? አንድ ሰውዬ እውነተኛ ድመቱን አቅፎ ገባ። የተጠራነው እኛ እንደነበርን ያወቅነው እሱ ከወጣ በኋላ ነው።

ስንገባ ሐኪሙ ስልክ ላይ ነው። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ሰክቶ "ግራጫው ይሻላል፣ ነጭ ሴራሚክ ቆሻሻ ያሳያል" ይላል። ቤት እያሠራ መሆን አለበት። ፎጣውን በአንድ እጁ ገለጥ አደረገው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ። ለኛ ይሁን ለስልኩ አልለየንም።

"አለቃ ነው" አሉ አክስቴ፣ ከድንጋጤያቸው ብዛት።

ሳቀ። ያቺን ሳቁን አሁንም ስፌት ላይ ሆኜ ሳስታውሳት መርፌዬን እሰብራለሁ።

"እማማ፣ ክንፉ ተሰብሯል። ወፍ እኮ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል። ቆይ አንዴ… አይ፣ ለመታጠቢያ ቤቱማ የማያንሸራትተውን ነው የምፈልገው።"

እያወራ ፋሻ መዘዘ። ቁስሉን አላጠበም፣ ማዳመጫም አላነሣም። ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጅራቱ እንደ ክር ጥቅልል አዙሮ አዙሮ ጠቀለለውና ጫፉን በፕላስተር ለጠፈ። "ዶክተር፣ ጥርሷ የገባበት ቀዳዳስ አይታጠብም? መድኃኒትስ?" ብዬ ብጠይቀው "ቆዪ" እንደማለት ጣቱን ቀሰረብኝ። ጥያቄዬን ከሴራሚኩ ኋላ አሰለፈው ማለት ነው። ሲጨርስ ወደ አክስቴ ዞረ።

"ካደረ አደረ። ካልሆነም ገበያው ሙሉ ነው፣ ሌላ ይገዛሉ።"

"ከዚህ ሰው ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ" አሉ አክስቴ ቀስ ብለው። "እሱን ገበያ ላይ የት አገኘዋለሁ?"

በእጁ በሩን አሳየን።

ኮሪደሩ ላይ አክስቴ "ተመስገን፣ ተረጋጋልኝ፣ ዝም አለ" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አፉ ተከፍቷል። ጅራቱ እንደ ወናፍ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠባብ ቀሚስ ካልሰፋሽልኝ የሚሉ ሴቶችን ስለካ ኖሬያለሁ። መስተዋት ፊት ቆመው "ኧረ አይጠበኝም" ይላሉ፤ ትከሻቸው ግን ወደ ጆሯቸው ይወጣል፣ ከንፈራቸው ይደርቃል፤ ጎድናቸው የሚላወስበት ቦታ አጥቷላ። የማየው እሱኑ ነበር። አለቃ አልተረጋጋም፤ እየታፈነ ነው።

አላሰብኩም። የመቀሱን ደነዝ ጫፍ በፋሻው ሥር አስገብቼ ከላይ እስከ ታች ሸረከትኩት። ፋሻው ሲከፈት ደረቱ አንዴ ከፍ አለ፤ ደግሞ ዝቅ፤ ደግሞ ከፍ። አክስቴ አለቀሱ።

ለካ ሰውዬው ስልኩን ጨርሶ ብቅ ብሏል። "ማነው እኔ ያሰርኩትን የፈታው?"

"እኔ ነኝ። እያፈነው ነበር።"

"ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የጠበበ ነገር ሳይ አውቃለሁ።"

"እንግዲያውስ ከዚህ በኋላ ኃላፊነቱ የራስሽ ነው!" ብሎ በሩን ወረወረው። እስከዚያስ የማን ኖሮ ነው!

ኮምፒውተሩ ዘሏት እዚያው የቀረችው ባለውሻዋ ሴትዮ ሁሉንም አይታለች። "ተነሡ" አለች። "እኔ ዶሮ አርቢ ነኝ። እኛ የምንሄድባት ሐኪም አለች፤ ክንፍ ያለው ነገር የሚገባት እሷ ናት።" ያንን ሁሉ የጠበቀችበትን ተራዋን ጥላ፣ ውሻውን ከኋላ ጭና፣ የእንቁላል መደርደሪያዎቿን ገፋ አድርጋ ጋቢና አስቀመጠችን። የውሻው ጥፍር ሳይቆረጥ ቀረ።

የዶሮ ሐኪሟ የዶሮ መኖ ከሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለቻት። ወጣት ናት፤ ካርድም፣ ዓይነትም አልጠየቀች። አለቃን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ የቁስሉን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ አየችና የተበሳ ካርቶን ውስጥ አስተኛችው። የሞቀ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላ አጠገቡ አኖረች። ክዳኑን ከድና መጋረጃውን ዘጋች። ከዚያ ቁጭ አለች።

አክስቴ ደነገጡ። "አታክሚውም እንዴ ልጄ?"

"እያከምኩት ነው እናቴ። ወፍን ከቁስሉ ቀድሞ የሚገድለው ድንጋጤው ነው። ደሙ ቆሟል፤ አሁን ብነካካው እጄ ላይ ይሞትብኛል። ሙቀትና ጨለማ ያግኝ፣ ትንሽ ትንፋሹን ይሰብስብ።"

ግማሽ ሰዓት ያህል ሹክሹክታ እንኳ ሳናሰማ ተቀመጥን። ከዚያ አወጣችው። ቀዳዳዎቹን አጠበች፣ መርፌ ወጋችው፣ የተሰበረውን ክንፍ አጥፋ በቀጭን ፋሻ ከጎኑ ጋር አያያዘችው፤ ደረቱን ግን ልቅ ተወችው። እኔ የቀደድኩትን የሰውዬውን ፋሻ አሳየኋት። አገላብጣ አየችው።

"ወፍ እንደኛ አይተነፍስም" አለች። "ደረቱ ወደፊትና ወደኋላ ካልተንቀሳቀሰ አየር አይገባለትም። ይህንን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። የድመት ጥርስም እንደዚሁ ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ ቢመስልም ውስጡን ይመርዛል፤ ዛሬውኑ መድኃኒት ባይጀምር በሁለት ቀን ውስጥ ይሞት ነበር።"

እስከዚያች ደቂቃ ፍርሃት ነበር የያዘኝ። "የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል" ስትል ግን ደሜ ፈላ። ሰውዬው ሳያውቅ ቀርቶ ቢሆን ሆዴ ይቅር ይል ነበር። ያውቃል! ለሴራሚክ የሰጠውን ልብ ሩቡን ለአለቃ ሊሰጥ ስላልፈለገ ነው።

አለቃ ተረፈ። ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ መድኃኒቱን በጠብታ ሰጠነው፤ መጀመሪያ አክስቴን ነከሰ፣ ቀጥሎ እኔን፤ ደስ አለን። ክንፉ ግን ከዚያ ወዲህ አይዘረጋም፤ ጎጆው ላይ የሚወጣው በአፉ እየተንጠላጠለ ነው። መናገርም ተወ። አንዳንዴ አክስቴ ከጓዳ ሆነው ራሳቸው "መስመሩ ተይዟል" ይሉና ዝም ብለው ያዳምጣሉ። መልስ የለም።

"ተይው የኔ ልጅ፣ ዝም አይነቅዝም" አሉኝ፣ ክሊኒክ ሄጄ ልናገር ነው ብላቸው። እኔ ግን እነቅዛለሁ። ሄድኩ። ሰውዬውን ኮሪደር ላይ አገኘሁት።

"የምን ወፍ?" አለ። አላስታወሰኝም! የመዝገቧ ልጅ ካርዱን አወጣች። እሱም ቆጣ ብሎ አነበበ፤ "ይኸው፣ 'ድመት። የቀኝ ክንፍ ስብራት። ታሽጎ ተሸኝቷል።'"

"ክንፍ ያለው ድመት አክመህ ታውቃለህ?" አልኩት።

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ፊቱ ቀላ፤ "ቅሬታ ካለሽ በጽሑፍ ነው" ብሎኝ ገባ። ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሙሉ፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር። ከወር በኋላ ማኅተም ያረፈበት መልስ መጣ፤ ለአክስቴ አነበብኩላቸው። "ቅሬታ ያቀረቡበት ወፍ በመዝገባችን ስለሌለ ጉዳዩን ለመመልከት እንቸገራለን።"

አክስቴ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡ።

"ማን ነው የሌለው?"

"አለቃ።"

"አለቃ የለም?" ተነሡ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰደባቸውን ሁሉ "ይጠብቁ" እያሉ ያሳለፉት ሴትዮ፣ ጎረቤት ላይ እንኳ ድምፃቸውን አንሥተው የማያውቁት፣ ፊታቸው ተለዋወጠብኝ። "ጫማዬን አቀብይኝ።"

አለቃን ከነጎጆው ይዘን ሄድን። አክስቴ ጎጆውን የመዝገቧ ልጅ ፊት፣ ኮምፒውተሯ አጠገብ ዱብ አደረጉትና ወንበር ስበው ተቀመጡ። "የሌለው ይኸውልሽ። ያለው መዝገብ ላይ እስኪገባ ድረስ አልነሣም።" ልጅቷ ተማጸነች፤ ጥበቃው መጣ፣ እማማ እያለ ለመናቸው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ ለአንዱ ነገሩን ነገረው። በመጨረሻ የክሊኒኩ ኃላፊ ራሳቸው ወረዱ። ካርዱን አዩ፣ አለቃን አዩ፣ "ድመት"ን ሰርዘው በእጃቸው "ወፍ" ብለው ጻፉበት። አክስቴን ይቅርታ ጠየቁ። የዶሮ ሐኪሟንም አድራሻ ከኔ ተቀበሉ፤ ወፍ ይዞ የሚመጣን ሰው ወደ እሷ እንልካለን አሉ። ቃላቸውን ጠብቀዋል፣ ሐሰት አልናገርም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውዬው ከክፍሉ ወጣ። ስልኩን እንደያዘ ወደ ጎጆው ጎንበስ አለ።

"ኖረ እንዴ?"

"አዎ" አሉት አክስቴ። "ካንተ ተርፎ።"

ስልኩን ወደ ጆሮው መልሶ ወደ ግቢው ወጣ። እስከ ዛሬም ይቅርታ አልጠየቀም፤ እዚያው ይሠራል፣ ስሙም እንደተለጠፈ ነው።