ቀጭኑ መርፌ

ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አድርጋ አየችው። ቢጫ መሆን የሚገባው የልጇ ፕላዝማ፣ ከደሟ ተለይቶ የወጣው ፈሳሽ፣ ሮዝ ሆኗል።

የምትሠራበት ላቦራቶሪ የሚያጠናው የአጥንት ካንሰር የያዛቸውን ልጆች ደም ነው። ደም ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ፣ ጂኖችን አንዴ የሚያሠሩ አንዴ የሚያስቆሙ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ አንደኛው በታመሙት ልጆች ደም ውስጥ ያንሳል። የጉልበቷ እብጠት አልጎድል ባላት ልጇ ደም ውስጥ ግን ጠዋት ሞልቶ ተገኘ። ማታ ቤት ደሟን ቀድታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ከጥናቱ ናሙናዎች ጋር መመርመሪያው ማሽን ውስጥ ያስገባችው እሷው ናት። ውጤቱን እንዳየች ለባሏ ደውላ ደህና ናት አለችው። ምን ታድርግ፣ እናት ናት።

አሁን ማጣፊያው አጠራት። ይኸው ማይክሮ አር ኤን ኤ ቀይ የደም ሴል ውስጥም ሞልቷል፤ ሴሉ ሲፈነዳ ይፈስና ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ልጅቷን እንዳያማት ብላ በቀጭን መርፌ፣ በጥድፊያ ስባ ሴሎቹን አፈነዳቻቸው። የሌላ ሰው ልጅ ደም ቢሆን ከሩቅ አይታ ትጥለው ነበር። ጠዋትም ሮዝ ነበር፤ ዐይኗ ማየት አልፈለገም እንጂ።

"ሮዝ ከሆነ ጣይዋ፤ ምን ታሽሞነሙኛታለሽ?" አለቻት አጠገቧ የምትሠራው ባልደረባዋ።

"እያየኋት ነው።"

"ስታዪ ልታመሺ ነው?"

ስልኳ ጠራ። ባሏ ነው።

"ስሚ፣ የነገውን ቀጠሮ ሰረዝኩት። አንቺ ደህና ናት ካልሽ ከአጥንቷ ቆርጠው የሚያዩት ለምንድን ነው? እኔማ እፎይ አልኩ፤ ዛሬ ምሳ በላሁ።"

ሰሞኑን እህል በአፉ አልዞረም ነበር። ብትናገር ይህችን እፎይታ ልትነጥቀው ነው፤ ማሽኑን በድብቅ መጠቀሟ ከተሰማም ሥራዋን ታጣለች። ዝም ብትል ደግሞ የልጇ ጉልበት ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀኑ ይነጉዳል። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

"ያዢያት፣ ልጅሽ ልታናግርሽ ነው" አላት።

"እማዬ፣ ነገ መርፌ የለም አይደል? አባዬ ነግሮኛል።"

ባልደረባዋ ሥራዋን አቁማ እየሰማች ነው። እናትየው ቱቦውን የተበላሹ ናሙናዎች የሚጣሉበት ሣጥን ውስጥ ጨመረችው።

"አለ፣ የኔ እናት። እኔም አብሬሽ እገባለሁ። አሁን ስልኩን ለአባትሽ ስጪው፤ ቀጠሮውን እንዲያስመልስ ልንገረው።"