የተቆረጠው ጥግ

ፖስተሩ የቀለም ሽታው ገና ሳይለቀው በአዳራሹ መግቢያ ተሰቅሏል። እህትየው ፊት ለፊቱ ቆማ አየችው፤ ቀረበች፤ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ወለወለችና መልሳ አጠለቀች። የምታየው ግን አልተለወጠም። ደሟ ፈላ።

ወንድሟ በዕድሜ ይበልጣታል፤ አንድ ክፍል ያገናኛቸው የእሱ መውደቅ ነው። ዘንድሮም ከወደቀ ከትምህርት ቤቱ ይሰናበታል። የመመረቂያ ሥራውን አብራው እንድትሠራ እናታቸው ለምናት፣ እሷም እሺ ብላ ነበር።

ሥራው በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። አንድን የሰማይ ቁራጭ የብርሃን ቴሌስኮፕ ያነሳውን ምስልና የራዲዮ ቴሌስኮፕ ያነሳውን ምስል አንዱን በሌላው ላይ ማነባበር። ጣጣው ሁለቱ ምስሎች የማይተዋወቁ መሆናቸው ነው። በብርሃኑ ምስል ላይ እንደ አሸዋ የተበተኑት ከዋክብት በራዲዮው ላይ ደብዛቸው የለም፤ ራዲዮው የሚያሳየው የሞገዱን ጥንካሬ በሚያመለክቱ የቀለበት መስመሮች የተከበቡ ጥቂት የሞገድ ምንጮችን ብቻ ነው። ስለዚህ ዐይን እዚህ ዳኛ ሊሆን አይችልም። ሥፍራቸው በትክክል የታወቀ ከዋክብትን አንድ በአንድ መርጦ፣ በእነሱ አማካይነት ለምስሉ የሰማይ አድራሻ ሰጥቶ፣ ቀለበቶቹ በየአድራሻቸው እንዲያርፉ መተው ነው።

ይህን ስትሠራ ከርማለች። ቀለበቶቹ ሲያርፉም ያረፉት መሃል ላይ በተንሰራፋው ግርማ ሞገሳም ጋላክሲ ላይ አልነበረም። ከጎኑ፣ ባዶ በሚመስለው ጨለማ ውስጥ፣ መስታወት ላይ የቀረ ትንፋሽ በመሰለች ደብዛዛ ነጥብ ላይ ነበር። ነጥቧን ማንም ከቁም ነገር የቆጠራት አልነበረም። እህትየው ግን ዐይኗን ስትጨፍን እንኳ ታያት ነበር።

አሁን በፖስተሩ ላይ ቀለበቶቹ ጋላክሲውን እንደ ዘውድ ደፍተውታል። ነጥቧ ሜዳ ላይ ቀርታለች። የምስሉ ታችኛው ግራ ጥግ ደግሞ ጭራሹን የለም።

"እንዴት ነው ማይክሮስኮፕ?" አላት ወንድሟ ከኋላዋ መጥቶ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሊያበሽቃት ሲፈልግ የሚጠራት በዚህ ነው። "አላማረም?"

"ቀለበቶቹን ማን ነው የነካው?"

"የቱን?"

"አትጃጃልብኝ!"

"ኧረ ትንሽ ነው ያስጠጋኋቸው። አንቺ ደግሞ! ሞገዱ ከጋላክሲው እንደሚመጣ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ጨለማ ላይ ዘርግተሽው ሰው ምን ይበለን?"

"ጥጉንስ?"

የፖስተሩን ጫፍ በመዳፉ ዳበሰ።

"ጥጉን ለምን ቆረጥከው?"

"ወረቀቱ አልበቃ ብሎ ነዋ።"

እዚያ ጥግ ላይ ሌላ ትንሽ ጋላክሲ ነበረች፤ የራሷን ቀለበት ልክክ አድርጋ የያዘች። ቀለበቶቹ ሁሉ ያሉት አንድ ምስል ላይ ነውና የመሃሉ ሲጎተት የእሷም አብሮ ስለሚጎተት፣ ብቻዋን ቀርታ ታጋልጠው ነበር። ወንድሟ ባለማወቅ ቢሳሳት ኖሮ ተነጫንጫ ትተወው ነበር። እሱ ግን ምስክሯን ለይቶ አውቋታል፤ አውቆም አስወግዷታል። ያንገበገባት ይህ ነው። ለማጭበርበር የበቃው ዕውቀት በቀጥታ ለመሥራትም ይበቃው ነበር።

"በእናታችን" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዛሬን ብቻ። ከወደቅኩ እኮ ሻንጣዬን ይዤ ቤት ነኝ።"

ጥርሷን ነክሳ ወደ አዳራሹ ገባች።

ወንድሟ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ሲናገር ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ፖስተሩን ጠዋት "ግሩም!" ብሎ ያጸደቀው አማካሪያቸው ከፊት ረድፍ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። ከሌላ ተቋም የተጋበዙት ገምጋሚ፣ ድምፃቸው የጎረነነ ሴትዮ፣ እስክሪብቷቸውን አነሱ።

"ልጄ፣ ሁለቱን ምስሎች በምን አጋጠማችኋቸው?"

"በከዋክብት ነው" አለ፤ ወደ እሷም ጠቆመ። "ያንን ክፍል እህቴ ናት የሠራችው።"

ተነሳች። ወንበሯ ወደ ኋላ ወደቀ።

"የሠራሁት እኔ ነኝ። ይሄ ግን እኔ የሠራሁት አይደለም!"

መድረኩ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ሄዳ ሙሉውን ምስል በትልቁ ስክሪን ላይ ከፈተች፤ ቀለበቶቹን ልክ እንደ እሱ ወደ ጋላክሲው ጎተተቻቸው። ጥግ ላይ ያለችው ቀለበት ቤቷን ለቃ ባዶ ጨለማ ላይ ተንከራተተች።

"መሃሉ ልክ ከሆነ ጥጉ ስህተት ነው" አለች። ከዚያ ለቀቀቻቸው፤ ሁሉም ወደየአድራሻቸው ተመለሱ። "አሁን ይዩት።"

አማካሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሟ ጫማውን ያይ ነበር።

"የጋራ ሥራ ነው" አሉ ገምጋሚዋ። "ጥፋቱም የጋራ ነው። እስከ ማምሻው አስተካክላችሁ ካላመጣችሁ ሁለታችሁንም አላሳልፍም።"

"እኔ ምን አጠፋሁ?"

"ፖስተሩን ከመግባትሽ በፊት አይተሽዋል?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ እኔ እስክጠይቅ ምን ትጠብቂ ነበር?"

ጥያቄው ንዴቷን አባሰው።

በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ወንድሟ ወንበር ስቦ አቀረበላት። "በይ እንግዲህ፣ ያንቺው ፋይል አለ አይደል? እሱን ማተም ነው።"

"የኔ አይታተምም። ተቀመጥ።"

"ምን?"

"አንተ ትሠራዋለህ። ከመጀመሪያው ኮከብ ጀምረህ።"

"እስከ ማምሻው? አብደሻል እንዴ?"

"ካልቻልክ አብረን እንወድቃለን።"

እየቀለደች እንደሆነ ፊቷን ፈተሸ፤ የቀልድ ፍንጭ አጣበት። ተቀመጠ። ማውዙን ይዞ በቀጥታ ምስሉ ላይ ካሉት ሁሉ ወደ ደማቁ ኮከብ ሄደ።

"እሱ ተቃጥሏል" አለችው። "ብርሃኑ አብጦ መሃሉ ጠፍቷል፤ የት እንዳለ በልክ ልታውቅ አትችልም። ያብረቀረቀ ባየህ ቁጥር አትሩጥ!"

"እሺ፣ የቱን ልያዝ?"

"ፈልግ።"

አቀርቅሮ፣ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ፣ ትንንሾቹን ከዋክብት አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። እሷ እጆቿን አጣጥፋ ከጀርባው ቆመች። ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈለገችም።