እትብቱን ከመስኮቱ ሥር

ጀርባዋን አየዋለሁ። ሁለት ጉንጉን፣ አንዱ የተፈታ… አቧራ የጠገበ ቀሚስ…

ከኋላዋ ጠራኋት። አልዞረችም።

«ትርሲት!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ድመቷ ዞረች። ጎረቤቴም ከአጥሩ ማዶ ዞረች። አልዞረችም ልጄ።

ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ነጎድጓድ ሲያጓራ እኔ እደነግጣለሁ፤ እሷ የኔን ፊት አይታ ትደነግጣለች። ፍርሃትን እንኳ ከኔ ፊት ነው የተማረችው።

ያን ሰሞን ደግሞ ሆዴ ውስጥ ሌላ ልጅ ነበረ።

«በዘር የመጣ ይመስላል» ብላኝ ነበር የትርሲት የጆሮ ሐኪም፣ ዶክተር ሰናይት። «የሚወለደውም እንደሷ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።» የመጀመሪያውን ይዤ ወጣሁ፤ ሁለተኛው እዚያው ክፍሏ ውስጥ ቀረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ሆዴን በእጄ ደግፌ እጣራ ነበር። ልጄ… ልጄ… ሲራገጥ፣ ሰማኝ እላለሁ። ጸጥ ሲል ፈራሁ።

ፈራሁ እኔ… ለማንም ሳልናገር ፈራሁ።

መውለጃዬ ሲቃረብ ዶክተር ሰናይት በሯን ዘግታ አስቀመጠችኝ። «የትርሲት እናት፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለች። «ስትወልጂ እትብቱን ለጥናታችን ስጪን።»

በእትብት ውስጥ፣ አለች፣ ምን እንደሚሆኑ ገና ያልለየላቸው ሕዋሳት አሉ፤ ስቴም ሴል ይባላሉ። በውስጠኛው ጆሮ ደግሞ ድምፅ የሚቀበሉ፣ ቀጫጭን ፀጉር ያበቀሉ ሕዋሳት አሉ፤ ከሞቱ አይተኩም። የጆሮዎቹን ከእትብቱ ሕዋሳት ማሳደግ ነው የምንሞክረው።

«ትሰማለች ማለት ነው?»

«ለትርሲት ብዬ ቃል አልገባልሽም። ገና ከላብራቶሪ አልወጣንም። ዓመታት ይፈጃል፣ ላይሳካም ይችላል።»

ደግ ሴት ናት፣ አትዋሽም። ለዛሬ ብትዋሸኝ ምን ነበረበት አልኩ በሆዴ።

የባሌ እናት እማማ ዘርፌ ነገሩን እንደ መርዶ ተቀበሉት። «የአባቱ እትብት ከጓሯችን ጊሽጣ ዛፍ ሥር ነው የተቀበረው። የትርሲትም ከጎኑ። እትብቱ አፈር ያልገባ ልጅ፣ አገርህ የት ነው ሲሉት ምን ሊል ነው? ይንከራተታል፣ ልጄ። ይንከራተታል።»

ብሰጥ ፈራሁ። ብነፍግ ፈራሁ። አንዱ ልጄ በዝምታ… አንዱ ልጄ በመንገድ…

ወንድ ተወለደ። ሲያለቅስ ሁሉም ደስ አላቸው። ትርሲትም ስትወለድ አልቅሳ ነበር። አዋላጇ የናሙናውን ዕቃ ይዛ ፊቴን ታያለች። «ውሰዱት» አልኩ ዓይኔን ጨፍኜ። እማማ ዘርፌ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከዚያ ወዲያ በሹክሹክታ ኖርኩ። በር ቀስ ብዬ ዘጋሁ፣ ድስት ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ። የመስሚያ ምርመራውንም ዛሬ ነገ እያልኩ ገፋሁት። ድምፅ ተሰምቶ ልጄ ሳይደነግጥ እንዳላይ… ምነው፣ ሳላውቅ ብኖርስ?

ከእምብርቱ ላይ የቀረችው ቁራጭ ደርቃ ስትወድቅ እማማ ዘርፌ በጥጥ ጠቅልለው አስቀመጧት። ክርስትናው ካለፈ በኋላ፣ «ከጊሽጣው ሥር እንቅበራት?» አልኳቸው፣ ይቅር እንዲሉኝ።

ጥጡን አውጥተው በመዳፋቸው ያዙ። «የለም» አሉ። «ግማሹ እዚያ ግማሹ እዚህ ከሆነ፣ ልጁ መሐል መንገድ ሊቀር ነው። የቀረው ወዳለበት እንውሰዳት።»

ሄድን። ሕፃኑን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ትርሲትን እማማ ዘርፌ ይዘው። ዶክተር ሰናይት ከላብራቶሪው መስኮት ሥር ያለውን አፈር አሳየችን፤ አልሳቀችብንም። ትርሲት በማንኪያ ቆፈረች። ጥጡን በሁለት እጇ አስገባች። እኔና እማማ ዘርፌ ወደ ጥላው ሸሸት አልን።

ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ቆሞ የነበረ አምቡላንስ ወደ ኋላ እየሄደ መጣ… ወደሷ… ሾፌሩ አላያትም።

ሹክሹክታዬን ረሳሁ። «ትርሲት!»

ከኋላዋ ጠራኋት። አልዞረችም።

ደረቴ ላይ ግን ልጄ ተወራጨ። ሁለት እጁን በረገደ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ አለቀሰ። አምቡላንሱ ሲጢጥ ብሎ ቆመ፤ በዚያም ደግሞ ደነገጠ።

«ሰማ!» አሉ እማማ ዘርፌ። እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ… የትርሲትን ጀርባ አዩ… በመዳፋቸው ከደኑት።

አጎንብሳ አፈሩን ትደለድላለች። ከኋላዋ ምን እንደቆመ አታውቅም። ማን እንደሰማ አታውቅም።

አልጠራኋትም። ሄጄ ትከሻዋን ነካሁ።