ድንጋዩ ላይ የተቀመጠ ብረት

«አያቁሙ፣ ያናፉ። እሳቱ ይሞትብኛል» አለ ሙላው፣ ዓይኑን ከፍሙ ሳያነሣ።

ደሴ አላቆመም። ሸማውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ ከጓሮው ካብ ሥር ተንበርክኮ፣ ሁለቱን የፍየል ቆዳ ወናፎች በየተራ እያነሣ ይጫናል። ፊቱ በጥላሸት ጠቁሯል። በእስቴ አገር የጨዋ ልጅ ወናፍ ሲያናፋ ከሚታይ፣ ሰው ገድሎ ቢታይ ይሻለዋል። ለገዳይ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሣ ይከፈላል፣ ደም ይደርቃል። ወናፍ ለነካ ግን የሚላክ ሽማግሌ የለም። ደሴም ይህን ስለሚያውቅ የጓሮውን በር በግንድ ደግፎ ዘግቶታል።

ከአጠገባቸው ሞተር ብስክሌቱ በሁለት ድንጋይ ተደግፎ ቆሟል። ጣልያን ሲሸሽ ገደል አፋፍ ላይ ጥሎት የሄደ ነው። የደሴ አባት በበሬ አስጎትተው አመጡት፤ ከዚያም በጭድ ቤት ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረ። ደሴ ጎንደር ከተማ ወርዶ፣ በአንድ ጋራዥ ብረት እያጠበ ሞተር መፍታትና መግጠም ተምሮ ሲመለስ፣ የአባቱ ርስት ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ የእርሱ ድርሻ በሬ የማያዞር ቁራሽ ሆኖ ጠበቀው። በዚያች መሬት ገብስ ዘርቶ ቤተሰብ አይኖርም። ሞተሩ ከተነሣ ግን ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር እየተመላለሰ የነጋዴ ዕቃና መልእክት ያደርሳል። ይህን ሲያስብ ነው ዶሮዎቹን ያባረራቸው።

መለዋወጫ መግዣ ስለሌለው የጎደለውን ሁሉ ከቤቱ ባገኘው ሞላ። መቀመጫውን በበሬ ቆዳ ሰፋው። በብረትና በብረት መካከል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ መምሬ ወልደ ሩፋኤል መጽሐፍ ሲደጉሱ ከተረፋቸው የብራና ቁራጭ ቀዶ አወጣ። ሰንሰለቱን ቅቤ ቀባው። ለዚህ ቅቤ ሚስቱ ካሣነሽ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። «የነቢያት ጾም ገብቶ የክርስቲያን ልጅ ሁሉ ሽሮ ሲበላ፣ የእኛ ቤት ሞተር ብቻ ቅቤ ይበላል» ትላለች ለመጣ ለሄደው።

የቀረው መርገጫው ነበር። ሞተሩ የሚነሣው በዚያ ብረት ላይ በእግር ተረግጦ ነው፤ የድሮው ግን ከሥሩ ተሰብሯል። በወይራ እንጨት ቢሞክረው አንድ ቀን ሳያገለግል ተሰነጠቀ። እናም ከጥቂት ቀናት በፊት ሳይወድ በግዱ ከወንዝ ማዶ ሙላውን አስጠራ።

ሙላው ቀጥቃጭ ነው። የአገሬው ማረሻ፣ ማጭዱ፣ ምላጩ ሳይቀር የእርሱ ሥራ ነው። ማንም ግን ከእጁ አይቀበለውም። ሙላው ብረቱን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ፈቀቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ቀርቦ ያነሣል። ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይሉታል። እርሱ በሠራው ማረሻ የታረሰውን እህል ግን ሁሉም አላምጦ ይውጣል። በዚያ እስከ ዛሬ የታመመ ሰው አልተሰማም።

ሙላው ብረቱን በጉጠት ከእሳቱ አውጥቶ ቀጠቀጠው፣ አጎበጠው፣ ውኃ ውስጥ ነከረው። ከዚያ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አኖረና ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ደሴ አንሥቶ ወደ ሞተሩ ወሰደው፤ ጫፉ አልገባ አለ።

«ጥቂት ይቀረዋል» ብሎ ተመልሶ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው።

ሙላው ድንጋዩን አየ፣ ደሴንም አየ። «እኔ ከሰሉን ሳቀጣጥል እርስዎ ወናፌን ይዘው ሲያናፉ ዋሉ» አለ። «ላብዎ ወናፌ ላይ ተንጠባጥቧል። ይህ ድንጋይ አሁን ምን ያደርግልናል?»

«ልማድ ነው፤ አትቀየም።»

«አልተቀየምኩም። ልማዱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ተወልጄበታለሁ።»

ሞረዱን አንሥቶ ጫፉን መሞረድ ጀመረ። ወዲያው ካሣነሽ ነጠላዋን እየጎተተች ከቤት ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ መጥቷል። አቶ ቻላቸውና መምሬ በደጅ በቅሎ እያሰሩ ነው።»

ቻላቸው የግራዝማች ታፈረ ወንድም ነው። ግራዝማች ታፈረ የወገዳ ባላባት ሲሆኑ፣ የደሴ ልጅ ዓለምጸሐይ ለልጃቸው ታጭታለች። ጥምቀት እንዳለፈ ሠርግ ነው፤ ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉም ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«ለሠርጉ ቀን ይሆናላ» አለ ደሴ።

«ፊታቸው የሠርግ አይደለም። ያቺ ምላሳም ጎረቤታችን ስለ ወናፉ ወዲያ ማዶ ገበያ ስታወራ ሰንብታለች። ይኼን ሰውዬ ከዚህ አጥፋልኝ።»

ደሴ ወደ ሙላው ዞረ። አፍሮ ነበር፤ ያፈረበትም ነገር ራሱ አናደደው። «ሙላው፣ ለጥቂት ጊዜ ጥጃ ጋጣ ግባልኝ። እስኪሄዱ ብቻ።»

«ጥጃ ጋጣ።»

«ስለ ልጄ ብዬ ነው። ስሟ ቡዳ ተብሎ አንዴ ከወጣ፣ እንኳን ባላባት በግ ጠባቂም አይጠይቃትም። አንተም ታውቀዋለህ።»

«አሳምሬ። የእኔንም ሴት ልጆች ማን እንደሚጠይቃቸው አሳምሬ አውቃለሁ» አለ ሙላው። መዶሻውን ትቶ መርገጫውንና ሞረዱን ብቻ አነሣ። «ይህ ግን አብሮኝ ይገባል። ተደብቄም ቢሆን ሥራዬን እጨርሳለሁ።» ራሱን ጎንበስ አድርጎ ወደ ጋጣው ገባ፤ ካሣነሽም በሩን ከውጭ ቀረቀረችው።

ደሴ ፊቱን በውኃ አብሶ ሲገባ፣ እንግዶቹ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጥላሸቱ በጆሮው ሥር ቀርቶ ነበር፤ ይህን ግን አላወቀም። ዓለምጸሐይ ጠላ ቀዳች። መምሬ ወልደ ሩፋኤል ተቀብለው ባረኩና ተጎነጩ። ቻላቸው ዋንጫውን ተቀበለ፣ ወደ አፉ አላስጠጋውም፣ እግሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠው።

ካሣነሽ ያንን ዋንጫ አይታ ፊቷ አመድ መሰለ። በዚህ አገር የቀረበልህን ጠላ ሳትቀምስ መሬት ላይ ካኖርህ፣ ከዚያ ወዲያ የምትናገረው ሁሉ ትርፍ ነው። ቻላቸው ግን ትርፉንም ሊናገር መጥቶ ኖሯል።

«ደሴ፣ ወንድሜ ልኮኝ ነው። ነገር በሰማሁ ብሎ አይፈርድም፤ አጣራ ብሎኛል። ቀጥቃጭ በቤትህ እየገባ እየወጣ ነው አሉ። አንተንም ወናፍ ያናፋል ይሉሃል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ገበያው ሁሉ። ወንድሜ ደግሞ ዘሩን የሚያቀላቅለው ከጨዋ ጋር ነው። ስለዚህ በመምሬ ፊት ማልልን። ቀጥቃጭ ቤቴ አልገባም፣ እጄም ወናፍ አልነካም በል። ያን የጣልያን ጉድ ደግሞ ዛሬውኑ ገደል ስደደው። ከዚያ ሠርጉ በቀኑ ይሆናል። ካልሆነ ማጫችንን መልስ፤ ልጅህም በቤትህ።»

ደሴ ደሙ ፈላ። ይህ ሰው እግሩ ሥር ያኖረው የካሣነሽ ጠላ ነው። ባለፈው ክረምት ማረሻው ተጣሞበት በሙላው ደጅ ሲለማመጥ የዋለውም ይኸው ሰው ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያቃጥለው ሌላ ነገር ነበር፦ ዓለምጸሐይ ማድጋውን ታቅፋ በግድግዳው ጥግ ቆማለች፤ ሁሉም የሚያወሩት ስለ እርሷ ሆኖ ማንም አላያትም።

«ሞተሩ ገደል አይሄድም» አለ ደሴ። «የዓመት ድካሜ ነው፤ የቤተሰቤ እንጀራ ነው። መሐላውን ግን...»

«መሐላውን ግን ምን?»

ደሴ ሚስቱን አየ። ካሣነሽ በዓይኗ «ማል» አለችው። እናት ናት፤ ለልጇ ስትል ሲኦልም ትገባለች። እርሱም መማል እንደሚችል አወቀ። ሁለት ቃል ነው፤ ከአፍ ይወጣል፣ ያልፋል።

መምሬ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ከካባቸው ውስጥ አወጡ፤ ግን አልዘረጉትም። «ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እውነት ከሆነ ማል። ካልሆነ እኔን ከመስቀሌ አታጣላኝ።»

«ኃይለ ሥላሴ ይሙት...» ብሎ ጀመረ ደሴ።

ያን ጊዜ ከጥጃ ጋጣው ሳል ተሰማ። ዕድሜ ልኩን የከሰል ጢስ የዋጠ ሰው ሳል ነው፤ ሊያፍነው ሞክሮ ባሰበት።

ቻላቸው ጆሮውን አቀና። «ማን ነው?»

«ጥጃው ነው» አለች ካሣነሽ ፈጥና። «ብርድ መትቶት ነው።»

«ጥጃ እንዲህ ያስላል?»

ሳሉ ቆመ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሙላው ጥጃ መባሉን ሰምቷል፤ ደሴም እንደሰማ ያውቃል። ከንጋት ጀምሮ አብረው አንድ እሳት የሞቁ፣ አንድ ብረት ያበሰሉ ሰዎች ናቸው። ደሴ በቻላቸው ብቻ ሳይሆን በራሱም ላይ ተቆጣ፤ ቻላቸው ዋንጫውን መሬት ላይ አኖረ፣ እርሱ ደግሞ ሰውን እንደ ከብት ቀረቀረ። የባሰው የትኛው ነው?

«ጀምረህ አትቁም እንጂ» አለ ቻላቸው።

«አባባ» አለች ዓለምጸሐይ።

ሁሉም ወደ እርሷ ዞሩ።

«ለእኔ ብለው እንዳይምሉ። በሐሰት መሐላ በገባሁበት ቤት ወልጄ ልጄ አንድ ቀን ቢያመው፣ በዚህ መሐላ ነው እያልኩ ነው የምኖረው።»

«ሴት ልጅ በሽማግሌ መካከል ትናገራለች?» አለ ቻላቸው።

«የሚሸጠው እህል አይደለም፤ እኔ ነኝ። ጠላዬንም ገና ካሁኑ አልቀመሱልኝም።»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ» አለች ካሣነሽ፤ ዓይኗ ግን በእንባ ሞልቷል። ያ ሁሉ ብቅልና ጌሾ፣ ለልጅቷ የተፈተለው ቀሚስ፣ ወገዳ ድረስ የተዘረጋው ተስፋ በዓይኗ ፊት እየፈረሰ ነው።

ደሴ ተነሣ። «አቶ ቻላቸው፣ እውነቱን ፈልገው ከሆነ ይከተሉኝ» አለና በጓሮ በር ወጣ። መምሬም ቻላቸውም ከኋላው ወጡ። ፍሙ አልጠፋም፤ ወናፉ ደሴ እንደተወው ተዘርግቷል፤ ሞተሩም በሁለቱ ድንጋይ እንደተደገፈ ነው። ቻላቸው አፉን በነጠላው ሸፈነ።

«እንግዲህ ይኸው» አለ ደሴ። «ወናፉን ያናፋሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ወሬኛዋ አልዋሸችም።»

«ታዲያ መሐላው...»

«መሐላ የለም። ማጫዎን ነገ ያገኙታል።»

ወደ ጋጣው ሄዶ መቀርቀሪያውን አነሣ። ሙላው ጎንበስ ብሎ ወጣ፣ ጭድ ከትከሻው አራገፈ፣ ሰዎቹን አየ። ሰላምታ አልሰጠም፤ ማንስ ይመልስለታል? እጁ ውስጥ መርገጫው ነበር። በጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ጫፉን ሞርዶ ጨርሶታል።

«ደርሷል» አለ። በልማዱም ጎንበስ ብሎ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሊያኖረው እጁን ሰደደ።

«ተው» አለ ደሴ። «እዚያ አታስቀምጠው።»

«ታዲያ የት ላድርገው?»

ደሴ ቀኝ እጁን ዘረጋ። «እዚህ።»

ሙላው ቀና ብሎ ቻላቸውን፣ ከዚያም በበሩ የቆሙትን ካሣነሽንና ልጅቷን አየ። «ያዩዎታል እኮ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ነገ ደግሞ እንደ እኔው ከእርስዎም እጅ የሚቀበል አይኖርም፤ ድንጋይ ላይ ሊያስቀምጡ ነው።»

«ይዩ።»

«ልጅቷስ?»

ደሴ ወደ በሩ ዞሮ ዓለምጸሐይን ተመለከተ። ማድጋውን መሬት አስቀምጣ፣ ለካሣነሽ እንባ የነጠላዋን ጫፍ እየሰጠች ነበር። አባቷን ቀና ብላ አየችና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ቻላቸው ወደ በቅሎው ሄደ። መምሬ አልተከተሉትም፤ መስቀላቸውን እንደያዙ ባሉበት ቆሙ። ደሴ እጁን አላጠፈም። ሙላው ጥቂት አመነታ፤ ከዚያም ብረቱን መዳፉ ላይ አኖረለት።