ዋጋው የቆመበት ጠዋት

ያ ዓመት ዝናብ ሳይጥል አለፈ። ጉድጓዶች ደረቁ፣ ከብት አለቀ። ከተዘራው ሰሊጥ የበቀለው ጥቂት ነው። እሱ እንደተሰበሰበ ነፋስ ተነሣ። ቀንም ሌሊትም ነፈሰ። ሰው አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ይሄዳል፣ ሰላምታውንም ያሳጥራል።

እኔ ያኔ ታላቅ ወንድሜ ቤት ነበርኩ። ሳንባውን ታሞ ተኝቷል፣ የማስታምመው እኔ ነኝ። ሴት ልጁ የገበሬዎች ማኅበር ወኪል ናት፣ ሰሊጣቸውን ትሸጥላቸዋለች። ገበያው በኮምፒውተር ነው። ዋጋው ዓይን ገልጠህ እስክትጨፍን ይለወጣል።

የምትሠራበትን ክፍል ከወንድሜ መኝታ የሚለየው ስስ ግድግዳ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስክሪን አለ። በግራ በእጇ ያለው ሰሊጥ፣ በመሀል ዋጋው፣ በቀኝ የገዢና የሻጭ ጥያቄ። ማሽኑ ከጠረጴዛው ሥር ነው። አጠገቡ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪና ሙቀቱን የሚያበርድ ማራገቢያ አለ። ኢንተርኔቱ በሁለት መንገድ ይገባል፤ አንዱ ከመንገድ በሽቦ፣ ሌላው ከጣሪያው አንቴና። አንዱ ሲሞት ሌላው ይረከባል። ይህን ሁሉ የዘረጋላት በጣም ቀጭን ሰው ነው፣ ስንጥር ይሉታል።

"ሁለቱም ባንድ ቀን ከሞቱ እኔንም አብራችሁ ቅበሩኝ" ብሎ ነበር።

ዋጋው በተለወጠ ቁጥር ማሽኑ ጠቅ ይላል። ገበያው ሲያብድ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ይመስላል። ወንድሜ እንቅልፍ አጣ።

"ይቺ ልጅ ከግድግዳው ጀርባ በቆሎ ትቆላለች እንዴ?" ይለኝ ነበር።

አሳዘናትና ድምፁን ዘጋችው። ሁላችንም ደስ አለን።

ወንድሜ አንድ ቀልድ አለው። በወጣትነታችን ጉድጓድ ስንቆፍር ግድግዳው በላዬ ተናደ። ወገቤ ላይ ገመድ ታስሮ ነበር። እሱ ከላይ ብቻውን ያዘኝ፣ ሰው እስኪደርስ አልለቀቀም። ገመዱ መዳፉን ልጦት ነበር፣ ጠባሳው ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ "ገመዴን መቼ ነው የምትመልስልኝ?" እያለ ይኖራል። ሰው ይስቃል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእግሬ በታች ባዶ ካለ እፈራለሁ። መሰላል ወጥቼ አላውቅም።

የመንገድ ቆፋሪዎች የኢንተርኔቱን ሽቦ በቆረጡት ማግስት፣ ጠዋት፣ ለወንድሜ ውሃ ይዤ ስመለስ በሯ ላይ ቆምኩ። የማኅበሩ ሰሊጥ በሙሉ በእጇ ነበር። ገበሬዎቹ ለሚቀጥለው ዘር መግዣ የሚሆናቸው ሌላ ነገር የላቸውም። ዋጋው ጥሩ ወጥቷል፣ ትንሽ እስኪጨምር ትጠብቃለች።

"ዛሬስ ረጋ ብሏል" አልኳት ዋጋውን አይቼ።

"ይርጋ እንጂ አጎቴ። እሱም ይተንፍስ፣ እኔም ልተንፍስ።"

ስልኳ ጮኸ። ሌላ ሰሊጥ ሻጭ ነው፣ ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል።

"ሸጥሽ አይደል?"

"ኧረ ገና ነኝ። ቆሟል እኮ።"

"ምኑ ነው የቆመው?"

"ዋጋው ነዋ።"

"አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? እየተናደ እኮ ነው። እኔ ራሴ በስንት መከራ አመለጥኩ።"

ስልኩን አስቀመጠች። ስክሪኑን አየችው። ቁጥሩ እንዳለ ነው፣ አይንቀሳቀስም።

"አጎቴ፣ ይሄ የቆየ ዋጋ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። "አንቴናውም ሞቷል። ድምፁን ባልዘጋው ኖሮ ዝም ማለቱን እሰማ ነበር።"

ስንጥር ጋ ደወለች።

"ነፋሱ አዙሮት ነው፣ ብሎኑ ላልቷል" አለ። "ወደ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ መልሱት፣ ሞገዱ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው፤ ጠበቅ አድርጋችሁም ያዙት።"

"አንተ አትመጣም?"

"እኔ እስክደርስ ምን ይተርፍሻል?"

"በስልኩ ኢንተርኔት ብሞክርስ?"

"ዛሬ ድምፅ ካስተላለፈም ተመስገን በይ።"

"ቅበሩኝ ያልከውን አልረሳሁም" አለችው። ድምፅዋ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

ማሽኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቤት ውስጥ የቀረነው በሽተኛውና እኔ ነን። አየችኝና ቶሎ ዓይኗን መለሰች፣ ታውቀኛለችና።

"ጎረቤት ልጥራ" አለች።

"አንቺ ቁጭ በይ" አልኳት።

መሰላሉ ከጓሮ ነበር። እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ጣሪያው ላይ ስደርስ በሆዴ ተኛሁ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ከሥሬ ያነሣዋል፣ መልሶ ይጥለዋል። ወደ ጎን ዞሬ አላየሁም። እየተሳብኩ አንቴናው ጋ ደረስኩና ብረቱን አቀፍኩት። ነፋሱ ይወዘውዘዋል። የጭስ ማውጫውን በአቧራው ውስጥ ፈለግኩ። ሲገለጥልኝ ወደዚያ ገፋሁት።

"መጣ!" አለች በመስኮት። "እንዳትለቀው!"

ወዲያው ከታች ጠቅታው ተነሣ። ድምፁን ከፍታዋለች። ነፋሱ አንቴናውን ሲያዘነብልብኝ ጠቅታው ይጠፋል፣ ሳቃናው ይመለሳል። ዓይኔን አቧራ ሞልቶት ስለነበር ጨፈንኩ። በጆሮዬ ብቻ ያዝኩት። የአንቴናው መወጠሪያ ሽቦ ከማሰሪያው ወጣ፣ በእጄ ጠምጥሜ ጎተትኩት። መዳፌ ውስጥ ገባ። እጄ በደም ረጠበ። ብለቅ ምን እንደሚሆን አስቤ አይደለም ያልለቀቅኩት። ጣቶቼ ሊፈቱልኝ አልቻሉም እንጂ መልቀቅስ ፈልጌ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ወደ ላይ ያየሁት የወንድሜ ፊት ትዝ አለኝ። እሱም እንዲህ ፈርቶ ነበር ማለት ነው።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

"አለቀ አጎቴ! ሸጥኩት!"

መውረድ ግን አልቻልኩም። ጎረቤት መጥቶ እግሬን በየደረጃው እያስቀመጠልኝ አወረደኝ።

"ጠዋት ከነበረው ወርዷል" አለችኝ እጄን እያጠበች። "ዘራቸውን ግን ይገዛል።" ከዚያ በኋላ አለቀሰች።

ወንድሜ ነቅቶ ነበር።

"ጣሪያ ወጣህ አሉ።"

"ወጣሁ።"

"ፈራህ?"

"አሁንም እየፈራሁ ነው።"

ከግድግዳው ጀርባ ማሽኑ ጠቅ ጠቅ ይላል። "እሱን እንዳትዘጋው በላት" አለኝ። "በቆሎዋን ትቁላ።"

የታሰረውን እጄን ሳበና ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየው። መዳፉን ከመዳፌ ጎን አስቀመጠው፣ አሮጌውን ጠባሳ ካዲሱ ቁስል ጋር።

"ገመዴን ተቀብያለሁ" አለ።