ሞላው ወይስ ጥርሳሙ

የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ለሞተር ጀልባዋ ስም ሲያወጣ ነጂዋን ክንዱን ማንም አላማከረውም። ጓድ ሊቀመንበሩ በቀይ ቀለም «ወደፊት» ብለው አስጻፉባት፤ ጀልባዋም ስሟን አክብራ ኖረች። ሞተሩ ገና ሲነሣ እንደ ደነበረች በቅሎ ትፈተለካለች። መረብ ለማድረስም ሆነ ሰው ለማሻገር ይህ ምንም አይደለም። መንጠቆ ከኋላ እየጎተቱ ነጭ ዓሣ ለማጥመድ ግን ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ ቀስ ማለት ደግሞ «ወደፊት» ከነጭራሹ የማታውቀው ነገር ነው። ክንዱ የሞተሩን እጀታ ቅንጣት ታህል ለማዞር ሲታገል ይውልና፣ ማታ ሚስቱ ውዴ ጣቶቹን በቅቤ ታሽለታለች።

ይህን ሁሉ የሚታገለው ለዓሣው ብሎ አልነበረም፤ ለአማቱ ብሎ ነው። የውዴ አባት ጋሽ አለበል ዕድሜያቸውን በሙሉ በደንገል ታንኳ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት ማዕበል ገልብጧቸው፣ ውኃ የጠጣች ታንኳቸውን እንዳቀፉ ነው የተገኙት። ከዚያ ወዲህ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ውዴ ደጅ ወጥታ ሐይቁን ታያለች፤ ክንዱ ደግሞ እሷን ያያል። ማኅበሩ ሽማግሌውን «ወደፊት» ላይ መንጠቆ ያዥ አድርጎ ሊቀበላቸው ፈቃደኛ ነበር። አሻፈረኝ ያሉት እሳቸው ናቸው።

«ሞተር ዓሣ ያባርራል» ይላሉ። ውዴ አልቅሳ ስትለምናቸው ግን ልባቸው ራራ።

«አንድ ቀን እወጣለሁ። ባዶ እጄን ከተመለስሁ፣ ከእንግዲህ የሞተር ስም በፊቴ እንዳታነሡ» አሉ።

ክንዱ በማግሥቱ ፋሲሎ ሰፈር ወደሚገኘው የኑርሑሴን የመለዋወጫ ሱቅ ገሰገሰ። ኑርሑሴን ሱቅ ውስጥ የሌለ ነገር የለም፤ ጭንቁ ያለውን ፈልጎ ማግኘቱ ነው። ባለሱቁ ከካርቶን ክምር ሥር ሲፈልግ ቆይቶ፣ አቧራ እያራገፈ ሁለት የነዳጅ መቆጣጠሪያ ይዞ ብቅ አለ።

«ሁለቱም ሞተሩን ቀስ ያሰኙልሃል። ይኸኛው ጥርሳሙ ነው። እንደ መኪና የእጅ ፍሬን ቀጭ ቀጭ እያደረግህ ትስበዋለህ፤ ያቆምህበት ላይ ይቆማል። ይኸኛው ደግሞ ባለሞላው ነው። እንደ ብስክሌት ፍሬን ጨብጠህ ስትይዘው ነዳጅ ይሰጣል። ከለቀቅኸው ሞላው ይመልሰዋል፤ ሞተሩም ይለዝባል።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ጨብጬው ልዋል?»

«ውኃ ውስጥ ብትወድቅ ጀልባዋ ጥላህ አትሄድም።»

«እኔ አልወድቅም!»

«ባለፈው የወደቀውም እንዲሁ ብሎኝ ነበር» አለ ኑርሑሴን እየሳቀ። «ግድ የለህም፣ ሁለቱንም ውሰድ። ሞክረህ ያልወደድኸውን ትመልስልኛለህ።»

ክንዱ በልቡ ጥርሳሙን መርጦ ጨርሷል። ባለሞላውን የወሰደው ሰውየውን ላለማስቀየም ብቻ ነው።

በቀጠሮው ጠዋት ጋሽ አለበል ከአሮጌ ማንኪያ ቆርጠው ያበጁትን ባለመንጠቆ ማባበያ ይዘው፣ መርፌ ሊወጋ እንደሚሄድ ሰው ፊታቸውን አጨፍግገው ጀልባዋ ላይ ወጡ። ክንዱ ጥርሳሙን ሁለቴ ቀጭ አደረገው። «ወደፊት» በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋ ሆነች። ልክ እንደ ታንኳ ቀስ ብላ፣ ሳትንቀጠቀጥ ተጓዘች። ክንዱም ደረቱን ነፋ። የእንጦስ ገዳም ባለባት ደሴት ፊት ሲያልፉ ሁለቱም እንደ ሐይቁ ሰው ልማድ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አማትበው ተሳለሙ። ጀልባዋ በዚያው እርምጃዋ አለፈች። በሌላዋ ደሴት፣ በክብራን ገብርኤል ፊትም እንደዚያው ሆነ።

ዓሣ ግን የለም። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ በኩፖን የተገኘው ቤንዚን እየጎደለ ሄደ። የጋሽ አለበል ዓይን ታንኳቸው ወደታሰረችበት ዳርቻ ብቻ ነው። ለክንዱ ውዴ ደጅ ላይ እንደ ቆመች በሐሳቡ ታየችውና ፍርሃት ያዘው። በጥርሳሙ ላይ አንዳች ጥፋት ባያገኝበትም ሌላ የሚለውጠው ነገር አልነበረውም፤ ፈታውና ባለሞላውን አሠረ።

መመለስ ጀመሩ። ክንዱ በግራ እጁ እየመራ፣ በቀኙ መቆጣጠሪያውን ጨብጦ፣ እጁ እየዛለ ኑርሑሴንን በሆዱ ይረግማል። የክብራን ዛፎች ትይዩ ሲደርሱ ቀኝ እጁ እሱን ሳያስፈቅድ ለማማተብ ተነሣ። ሞላው ጠቅ ብሎ ተመለሰ፤ ሞተሩ ለዘበ፤ ጀልባዋ ፀጥ አለች። ጋሽ አለበል «በስመ አብ ወወልድ» ብለው ሳይጨርሱ ክሩ ከእጃቸው ሊነጠቅ ሆነ። መንፈስ ቅዱስን የጠሩት ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ ጀልባዋ ውስጥ ከጣሉ በኋላ ነው።

በእንጦስ ፊት ተሳለሙ፤ ሌላ ዓሣ ያዙ።

«አየህ!» አሉ ሽማግሌው ፊታቸው በርቶ። «ታንኳ ላይም እንዲህ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ፊት ቀዝፌ አላውቅም። መቅዘፊያዬን አስቀምጬ እሳለማለሁ፤ ቅዱሳኑም ይሰጡኛል።»

«መቅዘፊያዬን አስቀምጬ» ሲሉ ክንዱ እጁን አየ። ነገሩ ከነከነው። ጥቂት ተጉዘው፣ ከውኃ በቀር ምንም በሌለበት ቦታ፣ ቀስ ብሎ መቆጣጠሪያውን ለቀቀ። ጀልባዋ ለዘበች። ክሩ ተወጠረ።

ጋሽ አለበል ሦስተኛውን ዓሣ ጎትተው ሲያወጡ ዓይናቸው ዓሣው ላይ አልነበረም። ዙሪያቸውን ቃኙ።

«እዚህ የማን ደብር አለና ነው ቀጥ ያልነው?»

ክንዱን ላብ አጠመቀው። እውነቱን ቢናገር አማቱን ማስቀየም ነው፤ በገብርኤል ስም መዋሸት ደግሞ የባሰ ነው።

«ሞላው ነው፣ ጋሼ» አለ መቆጣጠሪያውን እያሳያቸው። «እጄን ስለቅ ጀልባዋ ትለዝባለች፤ ማንኪያው ይሰምጣል፤ ዓሣው የደከመ ነገር መስሎት ይነክሳል። ጧት ስንሳለም ጀልባዋ አልለዘበችም ነበር። ያየሁትን ነው የነገርሁዎ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው መቆጣጠሪያውን አዩት፤ ዞረው ያለፏቸውን ደሴቶች አዩ። ከዚያ ትከሻቸው ተርገፈገፈ። ክንዱ የተቆጡ መስሎት ነበር፤ እሳቸው ግን ይስቃሉ።

«አንተ ሞኝ! መጀመሪያ እጅህን ማን ያነሣው መሰለህ?»

ክንዱ የዚህን ጥያቄ መልስ እስከ ዛሬ ይፈልጋል።

ውዴ ዳርቻው ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። አባቷ ዓሣዎቹን አስታቀፏትና ታንኳቸው ወደታሰረችበት ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ አለፉ። ጥቂት ሄደው ግን አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ዞሩ።

«ክንዱ፣ ያንን ጥርሳሙን ነገ ለኑርሑሴን መልስለት። ለገብርኤል እንኳ የማይቆም ነገር ጀልባዬ ላይ አልፈልግም።»

ውዴ ዓሣውን እንዳቀፈች ባሏን አየችው። «ጀልባዬ» ማለታቸውን ሁለቱም ሰምተዋል። ያን ዕለት ማታ በሐይቁ ላይ ነፋስ ነፈሰ፤ ደጅ የወጣ ሰው ግን አልነበረም።