ሁለት ዘበኛ ለአንድ ኮምፒውተር

«አትንኪው! አትንኪው አልኩሽ!»

ልጅቷ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። እናቷ ከወንበሯ ተነስታ በሁለት እጇ ራሷን ይዛ ቆማለች። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቀያይ መስኮቶች እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። ከሥራቸው የተከፈተው ጽሑፍ ቀጥ ብሏል፤ ቢጫኑትም አይሰማ፣ ቢጎትቱትም አይንቀሳቀስ።

«እማዬ፣ ይሄ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለች ልጅቷ ሳቋን እየዋጠች።

«ቫይረስ ነዋ! ገባልሽ። ይኸው ያልኩት ደረሰ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።»

«ቫይረስ አይደለም። ሁለቱም አንቲቫይረስ ናቸው። ይሄኛው ያኛውን ሌባ ነው ይላል፣ ያኛውም ይሄኛውን። ሁለተኛውን ማነው የጫነው?»

እናቷ የልብሷን ጫፍ ማስተካከል ያዘች። መልሱ ይኸው ነበር።

ሰፈሩ የሚያውቃት «ፀሐፊዋ» በሚል ስም ነው። በእጅ የተጻፈ ሁሉ፣ ማመልከቻም ይሁን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷም በፊት ለፊቱ ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር በተቀመጠው ኮምፒውተር ትተይባለች። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው። ልቧ ግን ከጣቶቿ ይፈጥናል። በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ መንገድ አጋምሳ ትመለስና መቆለፉን ትፈትሻለች። ስልክ ሲጮህ «ሰው ሞተ» ትላለች፤ ዝም ሲል ደግሞ «ደዋዩ ሞቷል ማለት ነው» ትላለች። ባሏ፣ ቤት ቀለም ቀቢው፣ «ወይዘሮ ጭንቀት» ብሎ ስም አውጥቶላታል።

ይህ ሁሉ የባሰበት ግን በዚያው መንገድ ላይ ፎቶ ቤት ያለው ጎረቤታቸው ከተመታ ወዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሰው ሠርግ፣ የሰው ልደት፣ የሰው ምርቃት በሙሉ ተቆልፎ አገኘው። «ክፈልና እከፍትልሃለሁ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ተለጥፎበት ቀረ። ሙሽሮች በሩ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ በዓይኗ አይታለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሯ ትንሽ ባቃሰተ ቁጥር እሷም አብራ ታቃስታለች። ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣው ጠባቂ በቦታው ነበር። እሷ ግን አንድ ዘበኛ ቢያንቀላፋስ ብላ ሰጋች። ከኢንተርኔት ሌላ ነፃ አንቲቫይረስ ፈልጋ በላዩ ላይ ጫነችበት። ሁለት ዘበኛ ያለበትን ግቢ ማን ይደፍራል?

የደፈረ አልነበረም፤ ዘበኞቹ እርስ በርስ ተያያዙ እንጂ።

በግቢው ውስጥ ያለው ንብረት ደግሞ የዋዛ አይደለም። የሲስተር መጽሐፍ ነው። ሲስተር ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ጨርሰው በጡረታ የተገለሉ ነርስ ናቸው። ቤት ውስጥ በሽተኛ ለሚያስታምም ሰው መመሪያ ጽፈዋል፦ አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ገላው እንዴት እንደሚታጠብ፣ አልበላም ሲል ምን እንደሚባል። በእጅ የጻፉትን ይዘው መጥተው አጠገቧ ቁጭ እያሉ፣ ግማሹን በቃል እያስለወጡ፣ ግማሹን እያስጣሉ ነው እዚህ ያደረሱት። አሁን ስክሪኑ ላይ ያለው በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። ቅጂም የለውም፤ ፀሐፊዋ ፍላሽን እንደ ጋራ ብርጭቆ ነው የምታየው፤ ማን ጠጥቶበት እንደመጣ አይታወቅም። እናም ሲስተር ዛሬ ከሰዓት መጽሐፉን ተቀብለው ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄዱ ነው።

ባሏ የቀለም ጠብታ ያለበት ሱሪውን እንደለበሰ ከጓዳ ወጣ። «ቤት ተቃጠለ እንዴ?»

«ሊቃጠል ነው።»

«እንግዲያው ለኢንጂነሩ ደውያለሁ። መንገድ ላይ ነው።»

ኢንጂነሩ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተበላሸ ፕሪንተር ያስተካክላል፤ በቤተሰቡ ዘንድ ግን ኤሌክትሪክ የሚበላ ነገር ሁሉ የሱ ታካሚ ነው።

«እሱ እስኪመጣ አንዱን እናስወጣ» አለች ልጅቷ። «ሁለቱ አብረው እያሉ ማሽኑ አይተነፍስም። የትኛው ይውጣ?»

እናትየዋ ወንበሯን ስባ ቀረበች። ሠራተኛ የምትቀጥር ይመስል ጥያቄ አከታተለች። «ማነው የሠራቸው? ዋስ አላቸው?»

ልጅቷ ስልኳን ከፈተች። «እነዚህን ፕሮግራሞች እየፈተኑ ውጤት የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ሁለቱም አልፈዋል። ሁለቱም ነፃ ናቸው።»

«የባንክ ቁጥር ይጠይቃሉ?»

«አብሮ የመጣው ምንም አይጠይቅም። አንቺ የጫንሽው ግን በየደቂቃው ብቅ እያለ ‹ሙሉውን ካልገዛሽ አደጋ ላይ ነሽ› ይላል።»

«በየደቂቃው?»

«እዪው፣ ይኸው ደግሞ መጣ።»

እናቷ ስክሪኑን በንቀት አየችው። «እሱ ይውጣ። የሚያስፈራራኝ ዘበኛ አልፈልግም። መፍራቱን እኔ ራሴ እችልበታለሁ።»

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳና ኢንጂነሩ ገባ።

«የት አለ በሽተኛው?» አለና ሳይጠይቅ በፀሐፊዋ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስክሪኑን አየት አድርጎ ከንፈሩን መጠጠ። «እታለም፣ ነፃ ነው እንዴ የጫንሽው? ነፃ ነገር መቼ ሰው ይጠብቃል? እንዲህ ያለውን እኔን መጠየቅ ነበር።» ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። «ይሄ በገንዘብ የሚሸጠው ነው። ሙሉው። ቁልፉ የዕድሜ ልክ ነው።»

«ገዝተኸው ነው?»

«ማን ይገዛል! ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ።»

«ጓደኛህስ ገዝቶት ነው?»

ኢንጂነሩ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ሚስትህ ፖሊስ ጣቢያ ተቀጠረች እንዴ?» ባልየው ሳቀ። ኢንጂነሩም ቀጠለ፦ «አሁን መጀመሪያ ያለውን ጠባቂ እናጠፋዋለን። ካላጠፋነው ይሄን አያስገባም፤ ቫይረስ ነው ይላል። አትስሚው፣ ውሸቱን ነው።»

ፍላሹን ወደ መሰኪያው ሲያስጠጋ ፀሐፊዋ መዳፏን በመሰኪያው ላይ ደፋች።

«አይገባም።»

«እንዴት አይገባም?»

«ዘበኛው ‹ይሄ ሌባ ነው› እያለኝ፣ ዘበኛውን አስተኝቼ በሩን የምከፍተው በየትኛው ጤናዬ ነው?»

«እኔን ነው ሌባ ያልሽው?»

«አንተን አላልኩም። የያዝከውን ነው።»

«አንቺ!» አለ ባሏ፤ ሳቁ ጠፍቷል። «ልጁ እኮ ሥራውን ትቶ ነው የመጣልሽ።»

«አመሰግነዋለሁ። ሻይ ይጠጣ። ፍላሹ ግን አይገባም።»

ኢንጂነሩ ፍላሹን በጣቶቹ መሃል አሽከረከረው። «እታለም፣ እኔ ለራስሽ ብዬ ነው። ቢሮ ያሉት ላይ ሁሉ የጫንኩት ይሄንኑ ነው፤ ማንም አልሞተም። በነፃ ነገር ላይ ሙጭጭ አትበይ።»

«ያንተም እኮ ነፃ ነው» አለች። መዳፏ ከቦታው አልተነሳም። «ልዩነቱ ምን መሰለህ? የእኔን የሠራው ሰው ራሱ ‹ውሰጂ› ብሎ ነው የሰጠኝ። ያንተን ማን ‹ውሰድ› አለህ?»

ኢንጂነሩ ፍላሹን ወደ ኪሱ መለሰ።

ኢንጂነሩ ተነሳ። «እሺ። ነገ ሁሉም ነገር ሲቆለፍብሽ ግን አትጥሪኝ። እንደ ፎቶ ቤቱ ሰውዬ በርሽ ላይ ሲያለቅሱብሽ፣ እኔ የለሁበትም።»

ይህ ቃል ፀሐፊዋ ሰሞኑን ለራሷ ስትለው የከረመችው ነው። ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ግን ባሰባት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቅርታ ጠይቃ፣ ወንበሩን አስተካክላ፣ የፈለገውን ሰክቶ እንዲሄድ ትለምነው ነበር። ሰው እግሯን ሲረግጣት «ይቅርታ» የምትል ሴት ናት።

«ከተቆለፈብኝም በራሴ እጅ ይቆለፍብኝ» አለች።

ኢንጂነሩ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። ባሏ በር ድረስ ሸኝቶት ተመለሰና እጁን አጣምሮ ግድግዳ ተደገፈ። «አሳፈርሽኝ» አለ። እሷ ወደ ልጅቷ ዞራ፣ «በይ፣ አውጪልኝ ያንን ለፍላፊ» አለቻት።

ልጅቷ ሁለተኛውን አንቲቫይረስ አራገፈችው። ሲወጣም እንኳ ሳይለፈልፍ አልወጣም፤ «እርግጠኛ ነሽ? ትጸጸቻለሽ» እያለ ደጋግሞ ጠየቀ። ከዚያ ማሽኑ ጠፍቶ መነሳት ነበረበት። ስክሪኑ ጠቆረ። ጥቁርነቱ ረዘመ። ፀሐፊዋ በዚያ ጥቁር መስታወት ውስጥ የራሷን ፊት እያየች ለሲስተር የምትነግራቸውን ቃል በሆዷ ማዘጋጀት ጀመረች፤ የመጀመሪያውን ቃል ሳታገኝ ብርሃን መጣ። ማሽኑ ከሰነበተበት ድካም እንደተላቀቀ ሰው ቀለል ብሎ ተነሳ።

«አሁን የቀረውን ጠባቂ እናዘምነው፤ ከዚያ ሙሉ ፍተሻ» አለች ልጅቷ።

ፍተሻው ፋይል በፋይል እየቆጠረ ሄደ። ከመሃል ላይ ቆም አለና አንድ ቀይ መስመር አወጣ። ልጅቷ አጎንብሳ አነበበችው።

«እማዬ፣ ‹የኮምፒውተር ማጽጃ› የሚል ነገር አውርደሻል?»

እናትየዋ ፊቷ ልውጥ አለ። አስታወሰች። አንድ ገጽ ስታይ ድንገት ስክሪኑ ብልጭ ድርግም እያለ «ኮምፒውተርሽ ተበክሏል፤ አሁኑኑ ይህን ተጫኚ» ብሎ ጮኾባት ነበር። ደንግጣ ተጫነችው። ሌባው በሩን ሰብሮ አልገባም፤ እሷው ከፍታለታለች። ዘበኞቹ እርስ በርስ ሲጯጯሁ እሱ ጥጉን ይዞ ተቀምጧል።

«ፍርሃቴን አይተው ነው የመጡብኝ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። «ፍርሃቴን! የራሴን ፍርሃት! አጥፊው። ሥሩን ንቀዪልኝ።»

ልጅቷ አጠፋችው። ጠባቂው ፍተሻውን እስኪጨርስ ጠብቀው የሲስተርን መጽሐፍ ከፈቱ። ፀሐፊዋ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እየወረደች አየችው። አንድም መስመር አልጎደለም።

ባሏ ከግድግዳው ተነስቶ ጠጋ አለ። «እና ጥፋቱ ያንቺ ነበር ማለት ነዋ። ወንድሜን አባረርሽው፤ ቆሻሻውን ያስገባሽው ግን አንቺ።»

«እኔ ነኝ። እደውልለትና ይህንኑ እነግረዋለሁ፤ አልደብቅም።»

«ይቅርታም ትጠይቂዋለሽ።»

«ስላስቀየምኩት እጠይቀዋለሁ። ስለ ፍላሹ አልጠይቅም። አንዴ ተሳስቼ አስገባሁ ተብሎ በሬ ወለል ብሎ አይከፈትም።»

ውጭ መኪና ቆመ፤ ሲስተርም የተቆጠበ አረማመዳቸውን ይዘው ገቡ። ነጭ ፀጉራቸው ተጎንጉኗል፤ ከቁልፋቸው ጋር የታሰረ ፍላሽ በእጃቸው ይዘዋል።

«ልጄ፣ እንዴት ዋልሽ? አልቆልኛል?»

«አልቋል፣ ሲስተር። ደህና ነው።»

«ተመስገን። እንግዲህ በዚህች ላይ አድርጊልኝና ልሂድ። የወንድሜ ልጅ መኪናውን ሳያጠፋ ነው የሚጠብቀኝ፤ ማተሚያ ቤቱም ሊዘጋ ነው። ማለዳ እዚያው ሄጄ ነበር፤ የሽፋኑን ሥዕል በዚችው አድርገውልኛል።»

ፍላሹን ዘረጉላት። ባሏ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «የሲስተርንማ አይገባም አትይም መቼም» አለ።

ፀሐፊዋ ፍላሹን ተቀበለች። ልጇ በታመመች ጊዜ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ያደሩት እኚህ ሴት ናቸው። ዓይናቸውን ቀና ብላ አይታቸው አታውቅም። አሁን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሲስተር፣ ይቀመጡ። መጀመሪያ እፈትሸዋለሁ።»

ሲስተር ቅንድባቸው ከመነጽራቸው በላይ ወጣ። «የእኔን?»

«የእርስዎንም።»

ልጅቷ ወንበር አቀረበች። ሲስተር ጥቂት ቆመው ከቆዩ በኋላ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ፀሐፊዋ ፍላሹን ሰካች፤ ምንም ሳትከፍት ፍተሻውን አስጀመረች። አረንጓዴዋ መስመር በዝግታ መሄድ ጀመረች።

ከውጭ የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። ባሏ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ። ጥሩምባው ደገመ፤ አሁንስ ረዘም አድርጎ።

«ይጩህ» አለች ፀሐፊዋ፣ ዓይኗን ከመስመሯ ሳታነሳ።